ሚዜው ለማን ይመስክር?

ስሙኝማ! ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት፣ ጎብዬ ላይ፣ ሁለት ባልንጀሮች ነበሩ። ስማቸው ይቅር። አንዱ ሲያገባ አንዱ ሚዜው ሆነ፤ ማሽላቸውንም በደቦ አብረው ያጭዱ ነበር።

ዓመታት አለፉና ትዳሩ ተናጋ። ሚስት ፍቺ ጠየቀች። ባል ምን አደረገ? ጨለማን ተገን አድርጎ ሁለት ላምና ጥማድ በሬ እየነዳ ባልንጀራው በረት አስገባ። «የኔ ናቸው በል። እሱ ዘንድ በርቢ ነበሩ፣ ወሰድኳቸው በል» አለው።

ወዳጅ ተቸግሮ ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል። ከፈተለት። ግን ከላሞቹ አንዷን ከጥጃነቷ ጀምሮ ሳር እያጨደች ያሳደገቻት ማን እንደሆነች ያውቃላ!

በማግስቱ ሴትዮዋ መጣች። «ወንድሜ፣ አንተ የኔም ሚዜ ነህ። ሲጠይቁህ ያየኸውን ብቻ ተናገር» ብላው ሄደች። ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።

ድሮ ቢሆን ነገሩ ይብስበት ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነው፤ ለጋብቻው እማኝ የሆኑት ራሳቸው ለዳኝነት ይቀመጡ ነበር። ሰርግ የበላ ወዳጅ ፍቺ ይፍረድ? ይህ ሸክም ከወዳጅ ትከሻ መውረዱ ደግ ሆነ እላለሁ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ሲወጣ፣ ፍቺን መወሰን የፍርድ ቤት ሆነ። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ አያፋታም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት ደግሞ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ያስረዳ።

ባልየው የሚያስረዳለት ያው ባልንጀራው ነበር። የቀጠሮው ቀን ሳይደርስ ሚዜው ከብቶቹን ነድቶ መለሰለት።

«ብትታመም አስታምምሃለሁ፤ እርሻህን አርስልሃለሁ። በሐሰት ግን አልምልልህም።»

«ከዳኸኝ!»

«እሷንስ ብከዳ?»

ቆቦ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ማለ። ዳኛው ከብቶቹ የማን እንደሆኑ ሲጠይቁት፣ «የሁለቱም ናቸው፤ አብረው ሲያረቧቸው አይቻለሁ» አለ። የባልንጀራውን ገመናም ሆነ የትዳሩን ጠብ አላነሳም፤ አልተጠየቀማ።

ባልየው ሰላምታ ነፈገው። በመንገድ ሲያየው ፊቱን ያዞር ጀመር። ኋላ ግን ክፍፍሉ ደርሶ ከብቶቹን የሚገምት የታመነ ሰው ሲፈለግ፣ ሚስቲቱ የሚዜውን ስም ጠራች። ለክፍፍሉ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ወደ ባልየው ዞሩ፤ እሱም «ይሁን፣ እሱ ይገምት» አለ።