ገመዱ ወዴት ይዘርጋ? የአማተር ሬድዮ አንቴና ንድፍ በየካና በእንጦጦ ተዳፋት

የአንቴናን ባሕርይ የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ዓለምን በጣም አቅልለው ያዩታል። መሬቱ ዳር የሌለው ሜዳ ነው፤ አፈሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ ከአንቴናው በላይ ያለው ሰማይ ባዶ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ሽቦ ሊሰቅል የሚነሣ ሰው ግን ሦስቱም ግምቶች ከደጁ ጋር አይገጥሙለትም። በስተ ሰሜን እንጦጦ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተጋድሞ የአድማሱን ታችኛ ክፍል ይጋርዳል። ሜዳው ላይ ወፍራም የነበረው አፈር ሽቅብ ሲወጡ እየሳሳ ሄዶ አለቱ ብቅ ይላል። ሰማዩም ባዶ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። ይህ አቀማመጥ በአዮኖስፌር ውስጥ የሚያልፈውን ሞገድ በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ በማይታይ አኳኋን ይከፍለዋል።

የዚህ መጣጥፍ ጥያቄ ጠባብ ይመስላል፦ በእንጦጦ ግርጌ በአግድም የሚሰቀል ሽቦ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘርጋ ወይስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ? ተራራው አንድ መልስ ይሰጣል፤ መግነጢሳዊው መስክ ሌላ። ፕሮግራሙ ዝም ይላል።

የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ የሚገኘው ከየካ ብዙም በማይርቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ነው። በዓለም አማተሮች ዘንድ ኢትዮጵያ አዘውትራ የማትሰማ አገር ስለሆነች፣ «ኢቲ» ብሎ የሚጀምር የጥሪ ምልክት አየር ላይ በወጣ ቁጥር ብዙ ጣቢያ ይረባረብበታል። ለኦፕሬተሩ ይህ ደስታ ነው፤ ለአንቴና ጥናት ግን መጥፎ ሚዛን ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው በትልቅ አንቴና ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ፣ ከዚህ የልብስ ማስጫ ሽቦ ቢያያዝም ይሰማል። ስለዚህ «ይህን ያህል አገር አነጋገርኩበት» የሚለው ማስረጃ ከኢትዮጵያ ሲመጣ ብዙም አይመዝንም። አንቴናን ከአንቴና ለማወዳደር ስሌትና ቁጥጥር ያለበት ልኬት ያስፈልጋል።

ከስሌቱ ቀላሉ እንጀምር። የግማሽ ሞገድ ዳይፖል ርዝመት በሜትር ሲገመት 142.5ን በሜጋኸርዝ ለተሰጠው ድግግሞሽ ማካፈል ይበቃል። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ወገን 10 ሜትር። ከመርካቶ የሚገዛው ፕላስቲክ የለበሰ የመብራት ሽቦ ከራቁቱ መዳብ በመቶ ጥቂት ማጠር ይፈልጋል፤ ረዘም አድርጎ መቁረጥና እየለኩ ማሳጠር ይሻላል። ዳይፖሉ በባዶ ሕዋ ውስጥ መሐሉ ላይ 73 ኦም ያህል ያሳያል። መሐሉ ከፍ ብሎ ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች ሲወርዱ ወደ 50 ኦም ይጠጋል፤ ይህም ለተለመደው ኮአክሲያል ገመድ ይመቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሳተላይት ዲሽ የሚውለው 75 ኦም ገመድ በየሱቁ የሚገኝ ስለሆነ፣ ለ100 ዋት ጣቢያና ለአጭር ርቀት እርሱም መናቅ የለበትም።

ከርዝመቱ የሚከብደው ከፍታው ነው። በጠፍጣፋ መሬት ላይ 10.5 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ዳይፖል በ14.2 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ ከፍታ አለው፤ ዋናው ጨረሩም ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ላይ ይወጣል። ያው ከፍታ በ7.1 ሜጋኸርዝ ሩብ ሞገድ ብቻ ስለሆነ ጉልበቱ ቀጥታ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህ ጉድለት አይደለም። ወደ ላይ የሄደው ሞገድ ከአዮኖስፌር ተመልሶ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ዙሪያ ይወርዳል። ደብረ ብርሃንን፣ ጅማንና ባሕር ዳርን የሚሸፍነውም ይህ ነው። ተራራ በበዛበት አገር በመሬት ጥግ የሚሄድ ሞገድ ብዙም አይርቅም፤ ለአገር ውስጥ ግንኙነት የሚያዋጣው በላይ ተሻግሮ የሚወርደው ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያገለግለው መሣሪያ ኔክ-2 የተባለው የስሌት ፕሮግራም ነው። በርክና ፖጂዮ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ሲሆን፣ ፎርኔክቱና ኢዚኔክ የመሳሰሉት ፕሮግራሞች በእርሱ ላይ የተገነቡ ናቸው። ኢዚኔክ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። አሠራሩ ሽቦውን በትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ ማስላት ነው። አንድ ቁራጭ ከሞገዱ ርዝመት ከሃያ አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። መሬቱን ግን በመሠረቱ ጠፍጣፋና ወጥ አድርጎ ነው የሚያየው።

ተዳፋትን ወደዚህ ሞዴል የማስገቢያ አንድ ዘዴ አለ። ሽቦው ከዳገቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተሰቀለ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ በሜዳ ላይ እንዳለ ይሣላል፤ ውጤቱ ከወጣ በኋላ መላው የጨረር ሥዕል በዳገቱ ልክ ይዘነብላል። ወደ ደቡብ 8 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ የየካ ቁልቁለት ላይ የ14.2 ሜጋኸርዝ ጨረር 30 ዲግሪ መሆኑ ይቀርና ወደ ደቡብ 22፣ ወደ ሰሜን 38 ዲግሪ ይሆናል። ወደ ናይሮቢና ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚናገር ሰው ተራራው ምሰሶ ከፍ እንዳደረገለት ይቁጠረው። ወደ አውሮፓ ለሚናገር ግን ዕዳ ነው፤ የለንደን አቅጣጫ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ጨረሩ ሸንተረሩን መሻገር አለበት። ከሸንተረሩ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ 400 ሜትር ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ቤት፣ አድማሱ 7.6 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይጀምራል። ሞገድ በተራራ ጫፍ ላይ ስለሚታጠፍ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ይደክማል እንጂ። ይህን በዝርዝር ለማየት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተለካው የምድር ከፍታ መረጃ የሚመገብ፣ በአማተሮች ዘንድ የታወቀ ኤችኤፍቲኤ የተባለ ፕሮግራም አለ። ችግሩ የሚሠራው ለአግድም አንቴና ብቻ መሆኑ ነው።

የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለአንቴና የተተከለ ይመስላል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ተራራውን የሸፈነው ይህ ዛፍ ቀጥ ብሎ ረጅም ነው፤ ተቆርጦ አጣና ሲሆንም ርካሽ ምሰሶ ይወጣዋል። ቆሞ ሳለ ግን በነፋስ አብዝቶ ስለሚወዛወዝ፣ ሽቦውን በሁለቱም ጫፍ አጥብቆ ያሰረ ሰው ከመጀመሪያው ማዕበል በኋላ የተበጠሰ ሽቦ ይለቅማል፤ በአንዱ ጫፍ መዘውር አስገብቶ ክብደት ማንጠልጠል ነው መላው። እዚህ ላይ ተራራው መልሱን ይሰጣል። ሸንተረሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተዘረጋ፣ በእኩል ከፍታ ላይ የቆሙ ሁለት ዛፎች የሚገኙት በዚያው መሥመር ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ 40 ሜትር ሽቦ ለ3.6 ሜጋኸርዝ የሚሰቅል ሰው በ8 ዲግሪ ዳገት ላይ በሁለቱ ጫፎች መካከል 5 ሜትር ተኩል ያህል የከፍታ ልዩነት ይገጥመዋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ቀላሉ ያዘነብላል። የውጭ መማሪያ መጻሕፍትም ይደግፉታል፤ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ዳይፖል ወደየትም ቢዞር ለውጥ የለውም ይላሉና።

ለእነርሱ አገር እውነት ነው። በመካከለኛ ኬክሮስ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ዘቅዝቆ ስለሚገባ፣ ሽቅብ የወጣው ሞገድ በአዮኖስፌር ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት ሞገዶች ሆኖ ይከፈላል፤ ሽቦው የትም ቢዞር ለሁለቱም ድርሻ ይደርሳቸዋል። አዲስ አበባ ላይ መስኩ በአግድም ይተኛል ማለት ይቻላል። ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዋን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን መስክ ሲለካ የኖረ ሲሆን፣ የጣቢያው ዝና አንዱ ምክንያት ይኸው አቀማመጥ ነው።

መስኩ አግድም ሲሆንና ሞገዱ ቀጥታ ሲወጣ ክፍፍሉ ሌላ መልክ ይይዛል። የኤሌክትሪክ መስኩ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚርገበገበው ሞገድ ከመግነጢሳዊው መስክ ጋር ትይዩ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹን መስኩ እንደሌለ አድርጎ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ መደበኛው ሞገድ ይሉታል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚርገበገበው ልዩ ሞገድ ይባላል። አግድም ዳይፖል ደግሞ የኤሌክትሪክ መስኩን የሚያወጣው በራሱ መሥመር ነው። እንግዲህ በየካ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ሽቦ መደበኛውን ብቻ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ልዩውን ብቻ ይወልዳል። አዲስ አበባ ያለው ጣቢያ በአንዱ አቅጣጫ፣ ሌላው በሌላው ከሰቀሉ በንድፈ ሐሳቡ አይደማመጡም።

ልዩነቱ በቁጥር ምን ያህል ነው? በዝቅተኛው አዮኖስፌር ኤሌክትሮን በምድር መስክ የሚዞርበት ድግግሞሽ 1 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ልዩው ሞገድ ቀን ቀን በ3.5 ሜጋኸርዝ በዴሲቤል ከመደበኛው ሩብ ያህል የበለጠ ይመጠጣል፤ በ1.8 ሜጋኸርዝ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ፤ በ7 ሜጋኸርዝ ግን ከመቶ 6 ያህል ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከዚሁ መግነጢሳዊ ወገብ ብዙ በማትርቀው ታይላንድ ለወታደራዊ ሬድዮ የተካሄደው የጫካ ምርምርም ለሰሜን ደቡብ ሽቦ አድልቷል። ለ3.5 ሜጋኸርዝ መልሱ ግልጽ ነው፤ ዛፍ ፍለጋው ቢያስቸግርም ሽቦው ቁልቁል ከሰሜን ወደ ደቡብ ይውረድ። ለ7 ሜጋኸርዝ ነገሩ ይገለበጣል። የመምጠጡ ልዩነት እዚህ ግባ አይባልም፤ ነገር ግን ልዩው ሞገድ ከመደበኛው 0.4 ሜጋኸርዝ ያህል ከፍ እስከሚል ድግግሞሽ ድረስ ከላይኛው አዮኖስፌር ይመለሳል። ሌሊት አዮኖስፌሩ ሲሳሳ ቆይቶ የሚደክመው በዛፎቹ መሥመር ላይ በቀላሉ የሚሰቀለው የምሥራቅ ምዕራብ ሽቦ ነው።

ቋሚውን አንቴና በአጭሩ ልለፈው፤ በእንጦጦ ላይ ብዙ አያተርፍምና። ለ14.2 ሜጋኸርዝ 5 ሜትር ርዝመት ብቻ ስለሚበቃው ግቢ ለጠበበው ሰው ያጓጓል። ጉልበቱን ዝቅ ባለ ማዕዘን መላኩም ይወደሳል። ሆኖም ያን ዝቅተኛ ማዕዘን የሚሰጠው ከአንቴናው ርቆ ያለው መሬት ነው። ደረቅ አለት ከሆነ ከ24 ዲግሪ አካባቢ በታች ከመሬት የሚመለሰው ሞገድ ቀጥታውን ይሸረሽረዋል። ክረምት የጠገበ ዋልካ ላይ ግን ይህ ወሰን ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። በአንቴናው ሥር የሚቀበሩት ገመዶች የመሬቱን ብክነት ይቀንሱ ይሆናል፤ ያንን የሩቅ መሬት አይለውጡትም። በ7 ሜጋኸርዝ መካከለኛ በሚባል አፈር ውስጥ ሞገዱ ወደ 4 ሜትር ጥልቀት ስለሚገባ፣ የእንጦጦ ስስ አፈር የሚያሳስት ሽፋን ነው፤ ሞዴሉ ላይ የሚጻፈው የአለቱ ባሕርይ መሆን አለበት። በከተማው ክፍል የሚሻለው የቤቱን ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ መሬት መጠቀም ነው። በሞዴሉ ጣሪያው ቀዳዳው ከሞገዱ አንድ አሥረኛ ባልበለጠ የሽቦ መረብ ይተካል። የዛገ የቆርቆሮ መጋጠሚያ ግን ሲያስተላልፉ የማይፈለግ ድምፅ ያመነጫልና መጋጠሚያዎቹን በብሎን ማያያዝ ይገባል።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልጨምር። በእንጦጦ ራስ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ነው፤ ስስ አየር ደግሞ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪን ቶሎ ይለቃል። በ2,800 ሜትር ላይ ባለችው ኪቶ ኤችሲጄቢ የተባለው የስብከት ጣቢያ አንቴናው ጫፍ ላይ እየተቃጠለ ቢያስቸግር፣ መሐንዲሱ ክላረንስ ሙር ጫፍ የሌለውን ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት አንቴና የፈጠረው በዚህ ምክንያት ነበር። የእርሱ ማሰራጫ 10 ኪሎ ዋት ነበር፤ በ100 ዋት የሚሠራ የየካ አማተር በዚህ እንቅልፍ አይጣ። ከመብረቅ ግን ይጠንቀቅ፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ሽቦውን ከሬድዮው ነቅሎ ከቤት ውጭ ከመሬት ጋር ማገናኘት ግዴታ ነው።

የሽቦው አቅጣጫ ክርክር በልኬት ሊፈታ ይችላል። በአንድ ምሰሶ ላይ ሁለት የ7.1 ሜጋኸርዝ ዳይፖሎች ተሻግረው ይሰቀሉ፤ አንዱ ሰሜን ደቡብ፣ አንዱ ምሥራቅ ምዕራብ። ደብረ ብርሃን ላይም እንዲሁ ይደረግ፤ መካከል ያለው ተራራ ቀጥታውን ሞገድ ስለሚያግድ የሚሰማው ከላይ የተመለሰው ብቻ ይሆናል። በእኩለ ሌሊትና በእኩለ ቀን አካባቢ (በመስከረምና በመጋቢት ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ አዮኖስፌሩ ስለሚታወክ በታኅሣሥ ወይም በጥር ቢሆን ይሻላል) ሁለቱ ሽቦዎች በማብሪያ ማጥፊያ እየተለዋወጡ የምልክቱ ጥንካሬ ይመዝገብ። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ሌሊቱ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው የሰሜን ደቡቡ ጥንድ ነው፤ የምሥራቅ ምዕራቡ ከእርሱ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ አንዱን ሽቦ ከሌላኛው ጋር አጣምረው ቢሞክሩም በሁለቱም ሰዓት የሚሰማው ደካማ ድምፅ ይሆናል።