ከመካነ ሰላም እስከ ለገሃር፦ የማይገናኙ ጣቢያዎች

ከመካነ ሰላም ተነስቶ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ መንገዱን በአንድ መኪና አይጨርሰውም። በለጋምቦ በኩል አቀስታን አልፎ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደሴ ይገባል። ከደሴ አዲስ አበባ ላምበረት፣ ከላምበረት በታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ በቀላል ባቡር ሜክሲኮ ይደርሳል። በየመውረጃው ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ በማዳበሪያ የቋጠረውን በትከሻው ይዞ ቀጣዩን መኪና ፍለጋ ይሄዳል። እነዚህን መውረጃዎች የተለያዩ ዘመናት መንግሥታት ናቸው የሠሯቸው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት። መንገደኛው የሚደክመው የአንዱ ምክንያት ከሌላው ጋር ስላልተገናኘ ነው።

በምዕራብ ወሎ ደጋ ለመንኮራኩር ከተጠረጉት መንገዶች ስሙ የገነነው ለመንገደኛ የታሰበ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ከጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ነው። የበሽሎን ገደል ለማስወረድና ለማስወጣት አለቱ በባሩድ ፈረሰ፣ አፈሩ ተደለደለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። መድፉ አምባው ላይ የደረሰው በመጋቢት ነው። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር የመጨረሻውን ጉዞ ያቀለለለት ይኸው የንጉሡ መንገድ መሆኑ ያሳዝናል። የቴዎድሮስ መንገድ መድረሻው ምሽግ ነበር፤ ከገበያ ገበያ፣ ከወረዳ ወረዳ እንዲያገናኝ አልተቀየሰም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታላቅ መንገድም መካነ ሰላም ያለችበትን የቦረና ወረዳ ሰው አልጠየቀም። ጣሊያን በወረራው ዘመን አስመራን ከአዲስ አበባ ያገናኘው ለጦሩና ለስንቁ ሲሆን፣ መንገዱ ምሥራቃዊውን የተራራ ጠርዝ ይዞ ደሴን አቋርጦ፣ ጣርማ በርን በዋሻ ሰንጥቆ ሸዋ ገባ። ደሴ የመኪና ከተማ የሆነችው በዚህ ነው። ቦረና፣ ወግዲ፣ ሳይንትና ከላላ ግን ከመስመሩ በስተ ምዕራብ ቀሩ። የእነዚህ ወረዳዎች ሰው መጀመሪያ ደሴ መድረስ ነበረበት፤ ቀጥሎ የሚሄድበትን መኪና የሚያገኘው እዚያ ነበርና። አውቶቡሶች በሌሊት እንዳይጓዙ በተከለከለበት ዘመን የደሴ መናኸሪያ ዙሪያ በአልቤርጎ የተሞላውም የሰሜኑና የምዕራቡ መንገደኛ እዚያ ስለሚያድር ነው። መካነ ሰላምን ዓባይ ማዶ ካሉት ከመርጦ ለማርያምና ከጉንደ ወይን ጋር የሚያገናኘው መንገድ ለከተማዋ ሁለተኛ በር የከፈተው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ሲደረስ ታሪኩ ይወሳሰባል።

የጅቡቲ ባቡር ከተማዋ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬም ቆሞ የሚታየው የለገሃር ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። የያኔው ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ቤተ መንግሥቱም ከፍታው ላይ ነበሩ። ባቡሩ ግን በደቡብ፣ ከዳገቱ በታች ባለው ሜዳ ቆመ። ለሐዲድ ሜዳ ይሻላልና የመሐንዲሶቹ ምርጫ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ሆኖም ከባቡር የወረደ ዕቃ ወደ ገበያ የሚደርሰው ዳገት ወጥቶ ነበር፤ በጣቢያውና በገበያው መካከል ያለው ርቀትም ለተሸካሚና ለጋሪ፣ በኋላም ለታክሲ የዘላለም ሥራ ሆነ።

ጣሊያን ሲመጣ ገበያውን ደግሞ አራቀው። ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉት የጣሊያን አርክቴክቶች በነደፉት ፕላን ከተማዋ በዘር ተከፈለች፤ ለኢትዮጵያውያን ተብሎ የተለየው ገበያ በስተ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ በምንለው ቦታ ተተከለ። ፕላኑ የቅኝ ገዢ ፕላን ነበር፤ ዓላማው ሰውን መለየት እንጂ ማገናኘት አልነበረም። ወራሪው ሲወጣ ግን ገበያው እዚያው ቀረ። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶችም ገበያውን ተከትለው አጠገቡ ሰፈሩ። አውቶቡስ ተራ በዚያ መቆሙ አያስገርምም፤ በዚያ ዘመን አውቶቡስ ሰው ብቻ አልጫነም። ጣሪያው ላይ ቅቤ፣ ማር፣ ቆዳና እህል ወደ ከተማ ይመጣል፤ ሲመለስ ጨርቅ፣ ጫማና ቆርቆሮ ይሄዳል። የመንገደኛው ግማሽ ነጋዴ በሆነበት አገር መናኸሪያው ገበያ አፍ ላይ መሆኑ ለብዙ ዓመታት ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ገና ሳይነጋ በር ላይ የሚጠብቀው ሕዝብ፣ ከተራ አስከባሪው ጋር ያለው ጭቅጭቅ፣ ጣሪያ ላይ ሸራ የሚወጥረው ረዳት፣ ከኪስ አውላቂ የሚጠነቀቀው ባላገር ሁሉ የከተማዋ ታሪክ አካል ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ለለገሃር ሕንፃ ከሰጡት ቦታ ጥቂቱን ለአውቶቡስ ተራ ቢሰጡት ይገባው ነበር፤ የገጠሩ ሰው አዲስ አበባን መጀመሪያ ያየው በዚያ በር ነውና።

የከተማው አውቶቡስ፣ አንበሳ፣ የተጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው፤ መነሻው ከጦርነቱ የቀሩ ጥቂት ካሚዮኖች ነበሩ። መስመሮቹ እየበዙ ከ100 ሲያልፉም አብዛኞቹ የሚነሱት ከጥቂት ቦታዎች ነበር፦ ከለገሃር፣ ከመርካቶና ከምኒልክ አደባባይ። ባቡሩ የቆመበት፣ ጣሊያን የተከለው ገበያና አሮጌው አራዳ መሆናቸው ነው። አንበሳ ሦስቱን ማዕከሎች በማያያዝ ሌላው ያልሠራውን ሠርቷል። ቀይና ቢጫው አውቶቡስ ቀርፋፋና የተጨናነቀ ቢሆንም ከመርካቶ የወረደውን ባላገር በጥቂት ሳንቲም ለገሃር ያደርሰው ነበር።

የተራራቁ ጣቢያዎች ችግር የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1846 የንጉሣዊ ኮሚሽን የባቡር ኩባንያዎች ወደ ከተማው እምብርት እንዳይገቡ በመምከሩ፣ ጣቢያዎቹ መሐል ከተማውን ከበው ቀሩ። መፍትሔውም ከዚሁ ተወለደ፦ እ.ኤ.አ. በ1863 የተከፈተው የዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ፓዲንግተንን፣ ዩስተንንና ኪንግስ ክሮስን አገናኝቶ እስከ ፋሪንግደን ሄደ። መስመሩ የተሠመረው ጣቢያዎቹ ወዳሉበት ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከዚህ ትምህርት ግማሹን ወስዷል ማለት ይቻላል። የሰሜን–ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ–ምዕራቡ ጥቅምት 29 ቀን ሥራ ጀመሩ። ርዝመቱ ወደ 34 ኪሎ ሜትር፣ ጣቢያዎቹ 39፣ ባቡሮቹ 41 ነበሩ። አንደኛው መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በአትክልት ተራ፣ በጎጃም በረንዳ፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ አድርጎ ወደ ልደታ ይወርዳል፤ ከዚያም ከሌላው ጋር አንድ ሐዲድ ይጋራል። ከልደታ እስከ ስታዲየም ባለው የጋራ መንገድ ላይ መንገደኛው ሌላ ሰፈር ሳይሄድ እዚያው ባቡር ይቀይራል። ለአንበሳ ሦስት ማዕከሎች ይህ መልካም ሥራ ነው። ዋጋም አለው፤ በጋራው ሐዲድ ላይ አንድ ባቡር ቢበላሽ ሁለቱም መስመሮች ይታወካሉ። በመሬት ላይ የሚሄደው ክፍል ደግሞ አስፋልቱን መሐል ለመሐል በአጥር ከፍሎ፣ ትናንት ተሻግሮ ጎረቤቱን የሚጠይቀውን ሰው ዙሪያ ጥምጥም አስኬደው። በድልድይ ላይ ባሉት ጣቢያዎች ዕቃ የተሸከመ ሰውና አረጋውያን ደረጃ መውጣት አለባቸው፤ አሳንሰሮቹና ተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ ብዙ ጊዜ አይሠሩምና። ከባቡሮቹም ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል።

የወሎን መንገደኛ የነካው ግን ሌላ ውሳኔ ነው። አውቶቡስ ተራ ሲጨናነቅ የአገር አቋራጭ ጉዞው በየአቅጣጫው ተከፋፈለ፤ የሰሜን ምሥራቁ መስመር ላምበረት ሄደ። አውቶቡሱ መሐል ከተማ መግባቱን ማቆሙ ለትራፊኩ በጎ ነበር። ይሁን እንጂ ላምበረት የሚገኘው በኮተቤ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ቀላል ባቡሩ ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላና ሲኤምሲ ያዘነብላል። በተቀራረበ ዘመን የታሰቡ ሁለት ሥራዎች በጥቂት ኪሎ ሜትር ተላለፉ። የደሴ አውቶቡስ ከባቡር ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ቦታ ቢቆም ኖሮ፣ ከመካነ ሰላም የመጣች እናት ሌሊቱን የቋጠረችውን ጭና የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ባልቆመች ነበር። ገንዘብ ያለው ግን ቀድሞም ይህን አያውቅም፤ እንደ ሰላምና ስካይ ያሉት አውቶቡሶች መንገደኛቸውን ሲያሳፍሩ የኖሩት ከመስቀል አደባባይ አካባቢ፣ ከከተማው መሐል ነው።

አሁን ደግሞ ወሎ የራሱን ሐዲድ እየጠበቀ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር መስመር በ2007 ዓ.ም. በቱርኩ ያፒ መርከዚ ተጀምሮ አብዛኛው ሥራ ቢጠናቀቅም፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ሳያገኝ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰበት። ሥራ ሲጀምር ከመካነ ሰላም የተነሳ ሰው ደሴ መናኸሪያ ወርዶ፣ ቁልቁለቱን በሌላ መኪና ኮምቦልቻ ደርሶ፣ አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ጋር ተቀላቅሎ አዲስ አበባ ይገባል። የሚወርደው ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ላይ ነው፤ ቀላል ባቡሩ ደግሞ እዚያ አይደርስም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ከከፈተ ወዲህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ይህን ደጋ የሚወጡትና የሚወርዱት ተማሪዎች በዝተዋል። ከደሴ መናኸሪያ ኮምቦልቻ ጣቢያ፣ ከፉሪ ለቡ ደግሞ ሜክሲኮ የሚያደርስ፣ ሰዓቱ ከባቡሩ ጋር የተያያዘ አውቶቡስ ማቀድ አዲስ ሐዲድ አይጠይቅም፤ መስመሩ ሥራ ሳይጀምር ዛሬ ሊወሰን የሚችል ነው።