«የድካም ሕይወት» ወይስ «የዝለት ዕድሜ»?

ተደጋጋሚ ጭነት የሚፈራረቅበት ብረት ከመሰበሩ በፊት ስንት ዙር እንደሚችል አስቀድሞ የሚያመለክተውን የምሕንድስና ስሌት፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች «የድካም ሕይወት ትንበያ» ብለው ሲጠሩት ባየሁ ቍጥር፣ ሐረጉ ሥር ሳይሰድ እንዲታረም እመኛለሁ፤ «የድካም ሕይወት» ሲባል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ የመናንያንን ተጋድሎ ወይም የጭሰኛን ኑሮ ያስባል እንጂ የባቡር መንኰራኵር ዘንግ ከቶ ትዝ አይለውምና።

ነገሩ ራሱ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረው ባቡር ዘንጉ ተሰብሮ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ከዚያም በኋላ ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር የባቡር ዘንጎችን ለዓመታት ሲፈትን፣ ከባድ ጭነትን አንድ ጊዜ የሚችል ብረት እጅግ ባነሰ ጭነት ድግግሞሽ እንደሚሰበር አስረዳ። በ1954ም ኮሜት የተባሉት ሁለት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች በሜዲትራንያን ሰማይ ላይ የተበተኑት በዚሁ ጠንቅ ነው።

እንግዲህ ወደ ቃሉ። «ድካም» ከግእዙ «ደክመ» የወጣ ሲሆን «ድኩም» እና «ደካማ» ወንድሞቹ ናቸው፤ ስለዚህ «የደከመ ብረት» ስንል አንባቢው ከመጀመሪያው ጥንካሬ የጐደለውን ብረት ይረዳል፤ የቮለር ዘንጎች ግን ደካሞች አልነበሩም። «ጻማ» ክቡር ቃል ነው፤ ዳሩ ግን የሚያመለክተው ልፋቱን እንጂ ልፋቱ ያስከተለውን ጕዳት አይደለም። «መታከት» ደግሞ የልብ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የላከውን መልእክት የተረጐሙ ሊቃውንት «ዛለ» እና «ታከተ» የሚሉትን ግሦች በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን ማዋላቸው፣ አንዱ የአቅም ሁለተኛው የፈቃድ መሆኑን ለይተው ስላወቁ ይመስለኛል፤ ብረትም ፈቃድ የለውም።

የእኔ ምርጫ «ዝለት» ነው። በሙቀጫ ስትወቅጥ የዋለች ሴት «ክንዴ ዛለ» ስትል፣ እያንዳንዱ ምት ከአቅሟ በታች እንደ ነበረ፣ ያዛላት ግን መደጋገሙ እንደ ሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ መሐንዲሶች በብዙ ሙከራ የደረሱበትም ይኸው ነው። ከ«ዘለለ» ጋር ይምታታል የሚል ቢኖር፣ የዚያ ስም «ዝላይ» ስለ ሆነ ሥጋት የለበትም። ልሳናችን ለጥበብ ቃል ያንሰዋል የሚሉ ሰዎች፣ ከመፍረዳቸው በፊት ጓዳውን ቢፈትሹ ምንኛ መልካም ነበር!

«ሕይወት»ንም በ«ዕድሜ» እንለውጥ፤ ሕይወት አይቈጠርም፣ ዕድሜ ግን ይቈጠራል፣ ይጐድላልም። በ1924 ፓልምግሬን፣ በ1945ም ማይነር የተባሉ መሐንዲሶች ያቀረቡት ሕግ እያንዳንዱ ጭነት ከብረቱ ዕድሜ የወሰደውን ክፍልፋይ ይደምራል፤ ድምሩ አንድ ሲሞላ ስብራት ይጠበቃል። ይጠበቃል እንጂ አይቈረጥም፤ ከአንድ ብረት የተቈረጡ፣ በአንድ ልክ የተሠሩ ናሙናዎች እንኳ በእኩል ዙር አይሰበሩም፤ ስለዚህ የነቢያት ሽታ ካለበት «ትንበያ» ይልቅ ትሑቱ «ግምት» ይስማማዋል።

መምህራንም «የዘንጉ የዝለት ዕድሜ ግምት» ቢሉ፣ የስብራቱን መነሻ «የዝለት ስንጥቅ»፣ ጭነቱ ከዚያ በታች ሲሆን ብረት ሳይሰበር የሚዘልቅበትን ልክም «የዝለት ወሰን» ብለው ቢያስተምሩ፣ ተማሪው ቃሉን ከቤቱ ይዞት ስለ መጣ ትርጕሙን አይጠይቃቸውም።