የተወረሰ ሥርዐት፤ የሮማ የጀግንነት ግጥም ልማዶች

የሮማ ሕዝብ የጀግኖቹን ገድል በረጅም ግጥም መተረክን የተማረው በጦር ካሸነፋቸው ከጽርዓውያን ነው። ትውልዱ ከጽርዕ ወገን የነበረው ሊቪዩስ አንድሮኒቆስ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት፥ የሆሜርን ኦዲሴይ ወደ ሮማይስጥ ማለት ወደ ላቲን ቋንቋ በመለሰ ጊዜ፥ ሳቱርናዊ በሚባለው በአገሬው የግጥም ልክ ገጠመው፤ ከእርሱ በኋላ የተነሣው ኔቪዩስም፥ ራሱ በወታደርነት የተካፈለበትን የመጀመሪያውን የቅርጣግና ጦርነት በዚያው ልክ ተረከው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ239 ዓመት የተወለደው ኤንዩስ ግን፥ የሮማን ታሪክ በ18 መጻሕፍት በተረከበት «አናሌስ» በተባለው ድርሰቱ፥ የአገሩን ልክ ትቶ የሆሜርን ባለ ስድስት እግር ስንኝ ስላስገባ፥ ከዚያ ወዲያ የመጡት ባለቅኔዎች ሁሉ የእርሱን ፈለግ ተከተሉ። ሆሜር በሕልም ተገልጦ ነፍሱ ወደ እርሱ መዛወሯን እንደ ነገረው ኤንዩስ በመጽሐፉ መግቢያ ማውሳቱ ከትዕቢት የሚቈጠር አይመስለኝም፤ ሥርዐትን ከባዕድ የተቀበለ ሰው እውነተኛ ወራሽ መሆኑን ማስመስከር ነበረበትና።

ይህ ስንኝ ቤት አይመታም። ጣዕሙ የሚመጣው ረጅምና አጭር ቀለማት ተራ እየጠበቁ ከመፈራረቃቸው ነው፤ ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ እግር አንድ ረጅምና ሁለት አጭር፥ ወይም ሁለት ረጅም ቀለማት ሊኖሩት ሲችል፥ አምስተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛውን መልክ ስለሚይዝ ጆሮ የስንኙን ፍጻሜ አስቀድሞ ያውቀዋል። ባለቅኔው የፈረስ ግልቢያ ሲተርክ አጫጭሩን ያበዛል፤ ሐዘንና ድካም ሲተርክ ረጃጅሙን ይደረድራል።

የትረካውም ነገር እንዲሁ ሕግ ነበረው፤ የቅኔን አምላክት መጥራት፥ ታሪኩን ከመካከሉ መጀመር፥ የአማልክትን ጉባኤ ማሳየት፥ ሠራዊቱን በየነገዱ መቍጠር፥ ወደ ሙታን አገር መውረድ ከባለቅኔው ይጠበቅ ነበር። ይህን ሁሉ ጠብቆ በያንዳንዱ ልማድ ውስጥ አዲስ ምሥጢር ያኖረው፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት በማንቱዋ አጠገብ ተወልዶ የሕይወቱን የመጨረሻ 11 ዓመታት በ12ቱ የ«ኤኔይድ» መጻሕፍት ላይ ያሳለፈው ቪርጊልዮስ ነው። የትሮያን ጥፋት በራሱ ቃል ከመጀመሪያ አይተርከውም፤ የትሮያው ጀግና ኤኔያስ ብዙ ዘመን ከተሰደደ በኋላ፥ ማዕበል በቅርጣግና ዳርቻ ጥሎት፥ በንግሥት ዲዶ ማዕድ ላይ ሁሉን ያጣው ሰው በገዛ አንደበቱ እንዲናገረው ያደርጋል። ሰሚዋ ንግሥት ደግሞ በዚያ ትረካ ልቧ ለፍቅር ይማረካል፤ ፍቅሩም ወደ ሞት ይወስዳታል። ስለዚህ ታሪክን ከመካከል የመጀመር ልማድ በሆሜር እጅ የትረካ ብልሃት ሆኖ ሳለ፥ በቪርጊልዮስ እጅ የመከራው ምክንያት ሆነ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በግጥሙ ውስጥ ሥዕልንና ቅርጽን በቃል የመግለጽ ልማድም እንደዚሁ ነው። በቅርጣግና በጁኖን ቤተ ጣዖት ከተሣሉት የትሮያ ተዋጊዎች መካከል ጥቁሩ ሜምኖን ይገኛል፤ የጥንት ጸሐፊዎች የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የሚሉት እርሱን ነውና፥ የአገራችን አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስተውል የተገባ ነው። ኤኔያስ ሥዕሉን አይቶ ያለቅሳል፥ ራሱንም ከተዋጊዎቹ መካከል ያገኘዋል። ከዚህ የሚበልጠው ግን በስምንተኛው መጽሐፍ ያለው የኤኔያስ ጋሻ ነገር ነው። ሆሜር በአኪሌስ ጋሻ ላይ የሰውን ሁሉ ኑሮ፥ እርሻውንና ሰርጉን፥ ከተማውንና ሸንጎውን አስቀረጸ፤ ቪርጊልዮስ ግን፥ ተኵላ ካጠባቻቸው መንትዮች አንሥቶ እስከ አክትዩም የባሕር ጦርነት ድረስ፥ ገና ያልመጣውን የሮማን ታሪክ አኖረበት። ኤኔያስ የጋሻውን መልክ ይወደዋል፥ ትርጓሜውን ግን አያውቀውም፤ ሽማግሌ አባቱን ከሚነደው ከተማ ተሸክሞ ያወጣበት ትከሻ አሁን ያላወቃቸውን የልጅ ልጆቹን ዕጣ ይሸከማል። ከሮማ የጀግንነት ግጥም ሁሉ እኔ ከዚህ ስፍራ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ቪርጊልዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት በብሪንዲዚ ሲሞት ሥራው አልተፈጸመም ነበር፥ ጐደሎ ስንኞችም እስከ ዛሬ በውስጡ አሉ፤ እንዲቃጠል ቢመኝም አውግስጦስ ቄሳር በወዳጆቹ እጅ ተስተካክሎ ለንባብ እንዲወጣ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ግጥሙ ራሱ ሕግ ሆነ። ሲልዩስ ኢታሊኩስ የሐኒባልን ጦርነት በ17 መጻሕፍት ሲገጥም፥ ስታትዩስም ስለ ቴቤስ 12 ዓመት ሲደክም፥ ሁለቱም ቪርጊልዮስን እንደ መምህር አከበሩት።

የተለየው ወጣቱ ሉካኖስ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ በኔሮን ላይ ከተዶለተው አድማ ጋር ተያይዞ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ65 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ ራሱን እንዲገድል የተገደደው ይህ ባለቅኔ፥ የቄሳርንና የፖምፔዩስን የእርስ በርስ ጦርነት ሲተርክ አማልክትን ከትረካው አስወጣ፤ ወንድም ወንድሙን የሚገድልበትን በደል በጁፒተር ጉባኤ ማሳበብ አልወደደምና። ልማዱን ሲሽር ግን አንባቢው ልማዱን እንዲያስታውስ ይሻል። ቪርጊልዮስ በስድስተኛው መጽሐፍ ኤኔያስን ወደ ሙታን አገር አውርዶ ገና ያልተወለዱትን የሮማ ታላላቆች ከአባቱ አፍ አስነግሮታል፤ ሉካኖስም እንዲሁ በራሱ ግጥም በስድስተኛው መጽሐፍ፥ የፖምፔዩስ ልጅ የጦርነቱን ፍጻሜ ሊጠይቅ ወደ ኤሪክቶ፥ ወደ ቴሳልያዋ አስማተኛ እንዲሄድ አደረገው። እርስዋም የአንድ ወታደር ሬሳ ጐትታ በመተት ታስነሣዋለች፤ ሬሳውም የሮማ ደጋግ አባቶች በሲኦል እያለቀሱ፥ አገሪቱን ለማፍረስ የተነሡባት ግን ደስ እያላቸው እንዳየ ይመሰክራል።