ዘመድ የጻፈው የዮሐንስ ታሪክ

ዘመድ የዘመዱን ታሪክ ሲጽፍ ማን ያምነዋል? የደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሳወርድ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ደራሲው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተወላጅ ናቸው፤ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1975 በኦክስፎርድ ታትሟል። እኔ ደግሞ የወሎ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት የዮሐንስ ስም የሚነሣው ከቦሩ ሜዳ ጋር ነው፤ ይኸውም በ1870 ዓ.ም. የወሎ እስላም ሹም ክርስትና ይነሣ፣ አለዚያ ሹመቱን ይልቀቅ ከተባለበት ጉባኤ ጋር። ስለዚህ ለክርክር ታጥቄ ነበር የተቀመጥኩት።

አድናቆቱ ግን ከጠበቅሁት በኩል አልመጣም። እስቲ ነገሩን እንየው። ዮሐንስ ገና ካሣ ሳሉ፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝን ጦር ወደ መቅደላ አሳልፈው በውለታው ጠመንጃና መድፍ ያገኙ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የእንግሊዝ ሎሌ ሆኖ ይቀራል ብንል ማን ይፈርድብናል? እሳቸው ግን ግብፅን በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ሁለቴ ድል ካደረጉ በኋላ እንኳ ጉዳዩን በውል ለመጨረስ ዓመታት ደከሙ። በግንቦት 1876 አድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ተፈራረሙ፦ ቦጎስ ይመለስላቸዋል፣ ዕቃና መሣሪያ በምጽዋ በነጻ ያልፍላቸዋል፤ እሳቸው በበኩላቸው በሱዳን የተከበበውን የግብፅ ጦር ለማውጣት ይረዳሉ። ቃላቸውን ጠበቁ። ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ከደርቡሽ ጋር የተዋጉት በዚሁ ሳቢያ ነው። እንግሊዝስ? ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1877፣ ኢጣሊያ ምጽዋ ስትገባ ዐይኗን ጨፍና አሳለፈቻት! ከዶጋሊም በኋላ ፖርታል የተባለው መልእክተኛ መጥቶ ለኢጣሊያ መሬት ልቀቁ ሲላቸው፣ ዮሐንስ ያንኑ ውል ጠቅሰው እምቢ አሉ። በበኩሌ ደራሲውን የማረካቸው ይኸው እምቢታ ይመስለኛል፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ማርኮኛል።

ታዲያ የወሎውን ምን ላድርገው? ምኒልክን በሸዋ፣ በ1873 ደግሞ ተክለ ሃይማኖትን በጎጃም ንጉሥ ይሁኑ ብለው ሥልጣን ያካፈሉ ሰው፣ ሃይማኖትን ሲሆን ለወሎ አላካፈሉም። የአያቴ አያት ሁለት ስም ነበራቸው አሉ፤ አንዱ የቀን፣ አንዱ የማታ። ለእንግሊዝ ያልታጠፈው ልብ ለእሳቸውም አልታጠፈም። አንዱን ወድጄ ሌላውን መተው እንዴት እንደሚቻል ጓደኞቼን ብጠይቅ ዶርሙ ለሁለት ተከፍሎ አደረ።

መጽሐፉን ሁለቴ አስረዝሜ ተውሼዋለሁ። ለእናቴ በስልክ ሳጫውታት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስለ ወሎ ስንት ገጽ አለው?» ቆጥሬ እነግርሻለሁ ብያታለሁ።