ነፃ የኢንተርኔት የእንግሊዝኛ ትምህርት ለጎልማሶች (ኢትዮጵያ)

ነፃ የኢንተርኔት የእንግሊዝኛ ትምህርት ለጎልማሶች የሚባለው፣ የመደበኛ ትምህርት ዕድሜያቸው ያለፈ ሰዎች የትምህርት ክፍያ ሳይጠየቁ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር እንግሊዝኛ የሚማሩበት መንገድ ሲሆን፣ የዩቲዩብ ትምህርቶችን፣ የቴሌግራም ቻናሎችንና የስልክ መተግበሪያዎችን ያጠቃልላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ በማድረጉ፣ ቋንቋውን ሳያደላድል ትምህርቱን ያቋረጠ ጎልማሳ ወደ ትምህርት ገበታ ለመመለስ ሲያስብ አስቀድሞ የሚገጥመው እንቅፋት ይኸው ቋንቋ ነው።

አመጣጥ

የዚህ ትምህርት መነሻ እንደ መለኪያው ይለያያል። መለኪያው ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ፣ ታሪኩ አገሪቱ ከመረቡ ጋር ከተገናኘችበት ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ነው። ተማሪው ሳይከፍል ከሩቅ መምህር የሚማርበት ሥርዓት ከተባለ ግን መነሻው ሬዲዮ ይመስላል፤ ቢቢሲ እንግሊዝኛን በሬዲዮ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፣ የአሜሪካ ድምፅም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 በ1,500 ያህል ቃላት የተወሰነና ከተለመደው ንግግር ዘግየት ያለ ልዩ የእንግሊዝኛ ዝግጅት ማሰራጨት ጀምሯል።

ሦስተኛው አመለካከት ከመሣሪያው ይልቅ ተማሪውን ያስቀድማል። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በርካታ የውጭ ቋንቋዎችን ያስተምር የነበረ ቢሆንም፣ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በዘመናዊው ትምህርት ውስጥ ብልጫ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ሲወስድ፣ በፈረንሳይኛ የተማሩ ሰዎች በጎልማሳነታቸው ሌላ ቋንቋ መልመድ ሳይኖርባቸው አልቀረም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለጎልማሶች የተቋቋመው «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ትምህርት ቤት የዚያ ዘመን ውጤት ነው። በዚህ አመለካከት ኢንተርኔት ያመጣው አዲስ ነገር የመማሪያውን ቦታና ሰዓት ማስፋቱ እንጂ የጎልማሶችን ትምህርት መፍጠሩ አይደለም።

የማብራሪያ ቋንቋ

ክፍያ አለመኖሩ ብቻውን ትምህርቱን ለሁሉም ክፍት አያደርገውም፤ ማብራሪያው የሚሰጥበት ቋንቋም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው ዱዎሊንጎ የተባለው መተግበሪያ ከመሥራቾቹ አንዱ የጓቲማላ ተወላጁ ሉዊስ ፎን አን ሲሆን፣ ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች የተዘጋጀው እንግሊዝኛ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቹ አንዱ ነበር። ስፓኒሽ ተናጋሪው ከእንግሊዝኛ ጋር የላቲን ፊደልን፣ በአብዛኛው ተመሳሳይ የሆነ የዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተልንና ብዙ የላቲን ምንጭ ያላቸውን ቃላት ስለሚጋራ ሥራው ይቀልለታል። በአማርኛ ግን ግሡ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ የታወቀ ስምን የሚያመለክተው ምልክት ከስሙ ኋላ ይቀጠላል፤ አንድ የግሥ ቅርጽም የዘወትርንና የወደፊትን ድርጊት ሊያመለክት ይችላል። ጀማሪው የሚሳሳተው በእነዚህ ልዩነቶች ላይ በመሆኑ፣ ለስፓኒሽ ተናጋሪ የተሰናዳ ትምህርት የአማርኛ ተናጋሪውን ጥያቄ አይመልስም፤ በአማርኛ እያብራሩ የሚያስተምሩ የዩቲዩብና የቴሌግራም መምህራን ዋጋም እዚህ ላይ ነው። በኅትመት ረገድ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአምሳሉ አክሊሉና የጂ. ፒ. ሞስባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ መሠረት ከጣሉት ይቆጠራል።

ስፓኒሽ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን

ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች የተሰናዳው ትምህርት ሊመቻቸው የሚችል ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ኩባ ውስጥ በወጣቶች ደሴት በስፓኒሽ ተምረዋል። ሲመለሱ የጠበቃቸው ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ስለነበር፣ ሁኔታቸው ከቀደሙት የፈረንሳይኛ ተማሪዎች ጋር ይመሳሰላል።

አዲሱ ገበያ

ኢንተርኔት የመማሪያ ሰዓትን እንዴት እንደሚያሰፋ ለማየት አንድ ሠፈር በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል፤ አዲሱ ገበያ በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ የንግድና የመኖሪያ ሠፈር ነው። በእንዲህ ያለ ሠፈር ሱቅ ጠብቆ ለሚውል ጎልማሳ፣ በፈለገው ሰዓት የሚከፈት ትምህርት ከማታ ክፍል ይልቅ ሊመች ይችላል።

ወጪ

ትምህርቱ ነፃ ቢሆንም የኢንተርኔት ፓኬጅ ይገዛል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደንበኛው ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አግኝቷል። የጽሑፍና የድምፅ ትምህርት ከቪዲዮ ያነሰ ዳታ ስለሚፈጅ፣ አቅሙ ውስን ለሆነ ተማሪ በአማርኛ የተብራራ አጭር የድምፅ ትምህርት ይበልጥ ተስማሚ ነው።