«ምርት ሰጠ» ሳይሆን «ተራ ለቀቀ»

በኮምፒዩተር ትምህርት ጽሑፍ ውስጥ «ትሬዱ ምርት ሰጠ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳነብ ያመኛል። «ዪልድ» (yield) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ መጀመሪያ የተገኘውን ፍቺ መለጠፍ ትርጉም አይደለም። ምርት ለወላይታ ገበሬ የጎደሬና የበቆሎ ነገር ነው። እዚህ የሚመረት የለም፤ ትሬዱ፣ ማለትም በፕሮግራም ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄደው የሥራ ክር፣ ማንም ሳያስገድደው ፕሮሰሰሩን ለሌላው ትሬድ ይተዋል። አይተኛም፣ አይቋረጥም፤ ለሥራ እንደተዘጋጀ ከሰልፉ ኋላ ይቆማል።

«መልቀቅ» ብቻውን ያምታታል፤ ትሬዱ የያዘው ቁልፍም፣ የያዘው ሜሞሪም ይለቀቃልና፤ ዪልድ ሲል ግን ሁለቱንም እንደያዘ ነው። «እጅ መስጠት» ሽንፈት ነው። «ቅድሚያ መስጠት» ከመንገድ ምልክቱ የተወሰደ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን ቅድሚያ በዚህ ሙያ የትሬዱ ደረጃ ነው፤ ዪልድ ደረጃውን አይነካም።

እኔ «ተራ መልቀቅ» እላለሁ። ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ የቆመ ሰው ተራ መጠበቅ፣ ተራ መልቀቅ፣ ተራ መቀማት ምን እንደሆነ አስረጂ አይፈልግም። ማን እንደሚቀጥል የሚወስነውም የሲስተሙ ክፍል ስም ተዘጋጅቶለታል፤ ተራ አስከባሪ። በጃቫ ዪልድ ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ተራ አስከባሪው ችላ ሊለው ይችላል። በዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞች ተራቸውን በፈቃዳቸው ካልለቀቁ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ይደርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ዊንዶውስ 95 ጀምሮ ሲስተሙ ከአዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ተራ መቀማት ቻለ። «ተራ» የሚለው አንድ ሥር ሦስት ጽንሰ ሐሳብ (መልቀቅ፣ ማስከበር፣ መቀማት) ሲሸከም ተማሪው ዝምድናቸውን ከቃሉ ያነበዋል።

ተራ «ዝቅ ያለ» ማለትም ነው ይሉኛል። ነው፤ ግን «ተራ ለቀቀ» ሲባል «ተራ ሰው» ትዝ የሚለው አማርኛ ተናጋሪ አላውቅም።

የቃል ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሶዶ፣ ሰዎች የማይናገሩት ቃል በመጽሐፍ ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል አይታለች። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፋኛንና ዳውሮኛን አደባልቆ የተሠራው «ወጋጎዳ» በመማሪያ መጻሕፍት ሲመጣ ሕዝቡ ተቃወመ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተነሡ። የወላይታ ልጅ በወላይትኛ ፊደል ቆጥሮ፣ አማርኛ ጨምሮ፣ ኮምፒዩተርን በእንግሊዝኛ ይማራል። በሦስተኛው ቋንቋ የተቸገረውን በሁለተኛው ስናስረዳው የተሳሳተ ቃል ልንሰጠው አይገባም።

በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላው ግቢ ኮምፒዩተር የምታስተምሩ፣ ዪልድን በአማርኛ ስታብራሩ «ተራ መልቀቅ» በሉልን።